እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ሁለት ትእዛዝ አለው፤ ሁለቱም ከአንድ ደጋሽ አፍ የወጡ ናቸው። ያ የማልወደው ሰው ሳይጠራ ቢቀር በየደረሰበት “ደግሶ እኔን ረሳኝ” እያለ ስሜን ያጠፋልና ጥሩት ይላል። ከመጣ በኋላ ደግሞ ከማዕዱ እንዳይደርስ ገፋ አድርጉት ይላል። አንዳንዱ ሰው “እንዳያማህ ጥራው” ብሎ ይተርተዋል፤ ፍቺው ያው ነው።

አባባሉ የተወለደው ከድግስ ቤት ነው። በእኛ አገር ድግስ መጠራት ሆድ ለመሙላት ብቻ አይደለም፤ ከሰው መቆጠር ነው። ሳይጠራ የቀረ ዘመድ ቂም ይይዛል፤ ቂሙም ለልጅ ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ ደጋሹ የማይወደውንም ሰው ይጠራል። የመግፋት ዘዴ ግን ሞልቶታል። ተጠሪው ዳሱ በር ላይ፣ ወጪ ወራጁ እየገፈተረው በሚያልፍበት ቦታ ይቀመጣል። ማስታጠቢያው መጥቶ እጁን ይታጠባል፤ እንጀራውም ከፊቱ ይዘረጋለታል። ወጥ የያዘው አሳላፊ ግን ከወዲያ ጫፍ ጀምሮ ሲያዳርስ ቆይቶ እሱ ዘንድ ሊደርስ ሲል ድስቱ ያልቃል። “መጣሁ” ብሎ ወደ ጓዳ ይገባል፤ አይመለስም። ሰውየው ደረቅ እንጀራ ፊት እጁን ታጥቦ ይቀራል። ነገ “አልጠሩኝም” እንዳይል ተጠርቷል፤ “አልበላሁም” እንዳይል ደግሞ ሆዳም መባልን ይፈራል። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው፤ ጥሪው ራሱ የተጠሪውን አፍ መዝጊያ ሆነ።

በድሮው የቤተ መንግሥት ግብርም እንግዳው የሚገባው እንደየማዕረጉ በተራ ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባና ማን ደጅ እንደሚቆይ የሚያስፈጽመው አጋፋሪ ነው። እኔ ግን አባባሉን ከነገሥታቱ አዳራሽ ይልቅ ከጎረቤት ዳስ ጋር አያይዘዋለሁ፤ ሐሜትን የሚፈራው ከተጠሪው ጋር ነገም አብሮ የሚኖረው ጎረቤት ነውና።

ዛሬ ይህ አባባል ከሠርግ ቤት ይልቅ ከስብሰባ አዳራሽ ሲወጣ ነው የሚሰማው። የሕዝብ ውይይት ተብሎ ነዋሪው ይጠራል፤ በር ላይ ስሙን አስመዝግቦ ይፈርማል። መድረኩ ላይ ያሉት ሪፖርት ሲያነቡ ግማሹ ቀን ያልቃል። ከዚያ “ጥያቄ ሰብሰብ አድርገን እንመልሳለን” ይባልና ማይክሮፎኑ ይዞራል። አንዲት እናት ይነሣሉ። “ልጆቼ፣ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ቱቦው እየሞላ ቤታችን ጎርፍ ይገባል። አምናም ነግረናችሁ ነበር” ይላሉ። መልሱ ሲመጣ “እናታችን ያነሡት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን” ይሆናል፤ ሰዓቱም ስለሄደ ስብሰባው ይበተናል። ማታ ዜናው “ከነዋሪዎች ጋር ውይይት ተደረገ” ይላል። እውነት ነው፣ ተደርጓል። ቱቦው ግን እንደተደፈነ ነው። ሰዉ ከአዳራሹ ሲወጣ “እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው” የሚባባለው ለዚህ ነው፤ እኔም አልፈርድበትም።

ምክንያቱም ሕዝቡ እየጠየቀ ያለው ችሮታ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። መጠራት መብት ነው ማለት ነው። አንቀጽ 12 ደግሞ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይናገራል። የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖረው ይችላል። ተመራጩ ወደ መራጮቹ ወርዶ የሚያነጋግርበት ጊዜ አለው። መውረዱ ግን ጥሪው ብቻ ነው፤ ወጡ ገና አልመጣም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 በእስራኤል አንድ ቤተ እስራኤላዊ (ትውልደ ኢትዮጵያዊ አይሁድ) ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ከወጣ በኋላ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ከባድ ተቃውሞ ተነሣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወታደሩን ጠርተው አነጋገሩት፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተሯ በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴም ተቋቁሞ በ2016 ዘረኝነትን ስለ መዋጋት ሪፖርት አቀረበ። ከምክረ ሐሳቦቹ ሥራ ላይ የዋሉ አሉ፤ ያንን መካድ አይገባም። ሆኖም በ2019 በጥርና በሰኔ ሁለት ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች በፖሊስ ጥይት ሲሞቱ ያው ሕዝብ ያንኑ ጥያቄ ይዞ መንገድ ላይ ወጣ። ተጠርተው፣ ተደምጠው፣ ተጽፎላቸው ነበር፤ ልጆቻቸው ሲሞቱ መጠራታቸው ምን ያጽናናቸዋል?

ለባለሥልጣናቱም በቅንነት የምለው አለኝ። በጀት እንደሌለ፣ ሁሉም በአንድ ዓመት እንደማይሠራ ሕዝቡ ያውቃል። “ዘንድሮ አንችልም፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ከርሞ በዚህ ወር እንጀምራለን” የሚል መልስ ያከብረዋል። የሚያቆስለው “በሂደት ላይ ነው” ተብሎ ሦስት ክረምት መጠበቁ ነው።

ጠያቂውም ቢሆን አዳራሽ ገብቶ ተናግሮ መውጣት አይበቃውም። በእድራችን ስብሰባ ሲጀመር ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፤ ገንዘብ ያዡ ምን እንደሠራ ተጠይቆ ይመልሳል፤ ድንኳኑ ያልተጠገነ እንደሆነ ለምን እንዳልተጠገነ ይነገራል። በሕዝብ ውይይትም ሪፖርቱ ከመነበቡ በፊት አንድ ሰው እጁን አውጥቶ “ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብልን፤ የቱቦው ነገር የት ደረሰ?” ይበል። አንዱ ቢገፋ ሌላው ይድገመው፤ ጥያቄውም፣ መልሱም፣ መልሱን የሰጠው ኃላፊ ስምና ቀኑም በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።