ትሬድዌር ምንድን ነው?

የስፖርት መኪናውን ጎማ ሊቀይር የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ልኩን ነው። 245/40 ዜድአር 18 ሲባል ወርዱ 245 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 40 በመቶ፣ የቸርኬው ዲያሜትር ደግሞ 18 ኢንች መሆኑን ማንኛውም ጎሚስታ ያውቀዋል። በዚህ ላይ ብዙ የሚመረጥ ነገር የለም፤ የመኪናው አምራች አስቀድሞ ወስኖታል። ምርጫው የሚጀምረው ልካቸው አንድ የሆነ ሦስት ጎማዎች ጎን ለጎን ቀርበው አንደኛው 200፣ ሁለተኛው 300፣ ሦስተኛው 500 የሚል ቁጥር ይዘው ሲገኙ ነው። ጽሑፉ ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ቆሞ ለሚያይ አይታይም፤ ጎንበስ ብለው የእጅ ባትሪ በጎማው ጎን ላይ አግድም ሲያበሩ ግን «ትሬድዌር 300፣ ትራክሽን ኤኤ፣ ቴምፕሬቸር ኤ» የሚሉት ፊደሎች ጥላ እየጣሉ ብቅ ይላሉ።

ትሬድዌር የጎማ ጥርስ ከሌላ ጎማ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ቶሎ ወይም ዘግይቶ እንደሚያልቅ የሚያመለክት ደረጃ ነው። ሥርዓቱን የደነገገው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ ፈተናው የሚካሄደው በቴክሳስ ግዛት በሳን አንጀሎ ከተማ አካባቢ በሚገኝ፣ ዙሪያው 400 ማይል ወይም 640 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ ነው። የሚፈተነውን ጎማ የገጠሙ መኪኖች ለማወዳደሪያ የተመረጠውን ጎማ ከገጠመ መኪና ጋር ተከታትለው በድምሩ 7,200 ማይል፣ ማለትም ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳሉ፤ በየመሃሉም የጥርሱ ጥልቀት እየተለካ ይመዘገባል። አብረው የሚነዱት ሙቀቱም ዝናቡም የአስፋልቱ ሸካራነትም ለሁሉም እኩል እንዲሆን ነው። መነሻው 100 ስለሆነ፣ 200 የተጻፈበት ጎማ በዚያ መንገድ ላይ 100 የተጻፈበትን እጥፍ ያህል ይቆያል ተብሎ ይገመታል።

«ይገመታል» ያልሁት አውቄ ነው። ያ ሁሉ ርቀት ተነድቶም የብዙው ጎማ ጥርስ ስለማያልቅ፣ ቀሪው ዕድሜ የሚገኘው እስከዚያ ከታየው የመበላት ፍጥነት ተነሥቶ በስሌት ነው። ከዚህም በላይ ቁጥሩን በጎማው ላይ የሚያትመው መንግሥት ሳይሆን ራሱ አምራቹ ነው። ስለዚህ የአንድ አምራች 300 ከሌላው አምራች 300 ጋር በትክክል አይመዘንም፤ በአንድ አምራች ጎማዎች መካከል ሲወዳደር ግን ቁጥሩ የበለጠ ይታመናል። የበረዶ ጎማ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ስለሆነ፣ ቁጥሩ የሌለበት ጎማ ያጋጠመው ገዢ የግድ ተታልሏል ማለት አይደለም።

የስፖርት መኪና ባለቤት ይህን ቁጥር የሚያነብበት ምክንያት ግን ከተጻፈበት ዓላማ የተለየ ነው። ለስላሳ ላስቲክ በአስፋልቱ ጥቃቅን ጎድጓዶች ውስጥ ገብቶ ስለሚቀረጽ መንገድ አጥብቆ ይይዛል፤ ያው ልስላሴ ደግሞ ቶሎ እንዲበላ ያደርገዋል። በዚህ የተነሣ ዝቅተኛ ቁጥር የመያዝ አቅም ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ለአብነት ያህል የሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ 300፣ የብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ71አር ደግሞ 200 የሚል ደረጃ ይዘዋል፤ ሁለተኛው ለኩርባ የበለጠ የተሠራ መሆኑንም የነዳው ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ሆኖም ዝምድናው ሕግ አይደለም። በጥራት ያልተሠራ ላስቲክ ቶሎ ከማለቁ በቀር መንገድ ላይይዝ ይችላል፤ ጥሩ ቅመም ያለው ጎማ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ብሎም በእርጥብ አስፋልት ላይ ይበልጠዋል።

ቁጥሩ ከዓላማው እንዲርቅ ያደረገው ሌላው ነገር ውድድር ነው። ብዙ የአማተር ውድድሮች ለመንገድ መኪኖች በተመደበው ክፍል ከ200 በታች ትሬድዌር ያለው ጎማ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ዓላማቸውም ተወዳዳሪው የውድድር ጎማ ገጥሞ እንዳይመጣ ነበር። የሆነው ግን አምራቾች 200 ላይ ቆመው ለውድድር ጎማ የቀረበ ለስላሳ ላስቲክ መሥራታቸው ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ ለሚነዳበት መኪና 200ን «ከ100 እጥፍ ይቆያል» ብሎ የገዛ ሰው፣ ጥርሱ ከጠበቀው እጅግ ቀድሞ ከማለቂያ ምልክቱ ጋር ሲተካከል ቢያይ አይደንቅም። ምልክቱ በጥርሱ መካከል ያለው ትንሽ ጉብታ ሲሆን፣ ከፍታው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው።

በእኔ ግምት ለመንገድ ብቻ ለሚነዳ የስፖርት መኪና ከ300 አካባቢ ያለው የበጋ ጎማ አብዛኛውን ፍላጎት ያሟላል፤ 500 መግዛት ግን ለኃይለኛው ሞተርና ለትልልቁ ፍሬን የተከፈለውን ገንዘብ መሬት በሚነካው አራት መዳፍ ላይ መልሶ መቆጠብ ነው። የበጋ ጎማም ቢሆን የራሱ ገደብ አለው፤ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ ላስቲኩ እየጠነከረ ስለሚሄድ የሚመካበት መንገድ የመያዝ አቅም አብሮት ይቀንሳል።

ከትሬድዌር ጎን የተጻፈው የትራክሽን ፊደልም ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይታመናል። ኤኤ የሚለው ከፍተኛ ደረጃ የሚገኘው በእርጥብ አስፋልትና በእርጥብ ኮንክሪት ላይ ቀጥታ እየተጎተተ ያለ ጎማ በፍሬን ተቆልፎ ሲለካ ነው። ኩርባ ላይ ጎማው እንዴት እንደሚይዝም ሆነ ውሃ በቋጠረ መንገድ ላይ መቼ እንደሚንሳፈፍ አይናገርም፤ የስፖርት መኪና ነጂ ሊያውቅ የሚፈልገው ደግሞ በዋናነት እነዚህን ሁለቱን ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ዕድሜ የሚወስነው መኪናው ራሱ ነው። ብዙ የስፖርት መኪኖች ኩርባ ላይ ጎማው መሬቱን በሙሉ ወርዱ እንዲረግጥ ሲባል ጎማቸው ከላይ ወደ ውስጥ ዘመም ተደርጎ ይሠራል። በቀጥታ መንገድ ላይ በብዛት ሲነዱ ታዲያ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ብቻውን ይበላል። ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ጥርሱ ገና ሙሉ የመሰለ የኋላ ጎማ፣ እጅ ወደ ውስጥ ሰደው ሲዳስሱት ሙልጭ ብሎ፣ አንዳንዴም ክሩ ወጥቶ ይገኛል። የጎሚስታው ሥራ ጎማ ገጥሞ ባላንስ በማድረግ ካበቃና አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ ዝመትና አቅጣጫ፣ ካልተስተካከለ፣ 500 የተጻፈበት አዲስ ጎማም በዚያው ጠርዝ በኩል ከአሮጌው ባለ 300 ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።