የሊባኖስ መብራት ለምን ይጠፋል?

ቤይሩት ውስጥ ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው መጀመሪያ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ሽቦ ነው። ከሰፈሩ ጄኔሬተር ተነስቶ በመንገዱ ላይ ያልፋል፣ በረንዳ ይታከካል፣ ፎቁ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ ሳጥን ይገባል። ሳጥኑን ቢከፍቱት ለየቤቱ አንድ አንድ ማብሪያና ማጥፊያ አለ። ወርሃዊ ክፍያውን ያልከፈለ ቤት መስመሩ እዚያው ይዘጋበታል። ይህን ሁሉ የዘረጋው መንግሥት አይደለም፣ የሰፈሩ ጄኔሬተር ባለቤት ነው።

የአረብ አገሮች ፖለቲካ፣ የኃይል አቅርቦትና ጸጥታ እንዴት እንደተሳሰሩ ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ሳዑዲን ወይም ኢራቅን ያስባል። እኔ ግን ነዳጅ የሌላት ሊባኖስ የበለጠ ታሳያለች ባይ ነኝ። እዚያ አምፖል ሲጠፋ ከጀርባው ሚኒስቴር፣ ፓርቲ፣ ሃይማኖት፣ ጎረቤት አገርና ጦርነት አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንግሥት የመብራት ድርጅት በ1964 ተቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አቅርቦቱ በቂ ነበር። ከ1975 እስከ 1990 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ግን ማመንጫውንም መስመሩንም ጎዳው። ሰው ሱቁንና ቤቱን ለማብራት ትንንሽ ጄኔሬተር መግዛት የጀመረው ያኔ ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ ጄኔሬተሩ ግን ቀረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ዴይር አማር፣ በደቡብ ደግሞ ዛህራኒ ላይ እያንዳንዳቸው ወደ 450 ሜጋዋት የሚያመነጩ ጣቢያዎች ተሠሩ። የተሠሩት በተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠሩ ነበር። ጋዙ ግን ከ2009 በኋላ ለአጭር ጊዜ ከግብፅ ወደ ዴይር አማር ከመምጣቱ በቀር አልደረሰም። ስለዚህ በውድ ናፍጣ ሲሠሩ ኖሩ።

ታሪፉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በ1994 የነዳጅ በርሜል ከ25 ዶላር በታች በነበረበት ጊዜ የተተመነው ዋጋ እስከ ኅዳር 2022 ድረስ አልተነካም። በርሜሉ 100 ዶላር ሲያልፍም የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍለው ያንኑ ነበር። ልዩነቱን መንግሥት በብድር ይሸፍን ነበር። የዓለም ባንክ እንደሚለው ከአገሪቱ የሕዝብ ዕዳ ግማሽ የሚጠጋው ከዚሁ ከመብራት ድጎማ የመጣ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ፈስሶም፣ ከ2020 በፊት እንኳ ቤይሩት በቀን ሦስት ሰዓት በተራ ይጠፋባት ነበር፣ ከዋና ከተማዋ ውጭ ያለው ሕዝብ ደግሞ ግማሽ ቀን ያለ መብራት ይውል ነበር። ዜጋው ሁለት ቢል ይከፍላል፣ አንዱን ለመንግሥት፣ ሌላውን ለጄኔሬተር።

ታዲያ ለምን አልተስተካከለም? መልሱ ያለው ሥልጣን በሚከፋፈልበት መንገድ ላይ ነው። በሊባኖስ ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ የፓርላማው አፈ ጉባኤ ሺዓ ይሆናል። ሚኒስቴሮችም በድርሻ ይታደላሉ። ማንም ሌላውን ማገድ ይችላል፣ ማንም ብቻውን መወሰን አይችልም። በ2002 የወጣው ሕግ ቁጥር 462 የመብራቱን ዘርፍ የሚቆጣጠር ነጻ ባለሥልጣን እንዲቋቋም ያዝዛል። ባለሥልጣኑ ከተቋቋመ ሚኒስትሩ ከሥልጣኑ ይቀነስበታል። ከሃያ ዓመት በላይ ሳይቋቋም ቆየ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ብር ቸገረ፣ ጦርነት መጣ ማለት ይቻል ይሆናል። የቦርድ አባላትን መሾም ግን ፈቃደኝነት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

ማመንጫ የት ይሠራ የሚለው ጥያቄም የሃይማኖት ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ዴይር አማር ሱኒዎች በሚበዙበት ሰሜን ነው፣ ዛህራኒ በሺዓው ደቡብ፣ ዙቅ በክርስቲያኖች አካባቢ። በ2020 ሰልዓታ በምትባል የሰሜን የባሕር ዳርቻ ክርስቲያን መንደር ሌላ ጣቢያ ይሠራ ተብሎ ካቢኔው ለሳምንታት ተወዛገበ። ብዙ ባለሙያዎች አያስፈልግም ይሉ ነበር። የያኔው ፕሬዚዳንት ፓርቲ ግን አልለቅም አለ።

የቱርክ መርከቦች ታሪክ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ ያሳያል። በ2013 ካርፓወርሺፕ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ፋትማጉል ሱልጣንና ኦርሃን ቤይ የተባሉ ሁለት ማመንጫ የተገጠመላቸው መርከቦች ላከ። በባሕር ዳርቻ ባሉት የዙቅና የጂዬ ጣቢያዎች አጠገብ ቆመው ከአገሪቱ አቅርቦት ሩቡን ያህል ይሰጡ ነበር። ጊዜያዊ መፍትሔ ነው ተብሎ ስምንት ዓመት ቆየ። በሐምሌ 2018 ሦስተኛዋ መጣች። ስሟ አይሼጉል ሱልጣን ነበር። አይሻ የሚለው ስም ለሺዓዎች አይጥምም ተብሎ እንደተዘገበው ኤስራ ሱልጣን ተባለች። ስሟ ተቀይሮም በደቡብ አልተቀበሏትም። አማል የተባለው የሺዓ ፓርቲ መርከቧ ከመጣች ቋሚ ጣቢያ አይሠራልንም ብሎ ተቃወመ። መጨረሻ ላይ ዙቅ ቆመች። የደቡብ ሰው በዚያ ሙቀት ያለ መብራት ከረመ። በግንቦት 2021 ደግሞ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ውዝፍ አልተከፈለንም ብለው ቀድመው የመጡት ሁለቱ መርከቦች አጠፉ።

በዚያን ጊዜ አገሪቱ ራሷ ወድቃ ነበር። በመጋቢት 2020 ሊባኖስ የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ዕዳዋን መክፈል አልችልም አለች። በዶላር 1500 ገደማ ይመነዘር የነበረው የሊባኖስ ሊራ ውሎ አድሮ 89 ሺህ 500 ደረሰ። ነሐሴ 4 ቀን 2020 የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። የመብራት ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ከወደቡ ፊት ለፊት ነው። መስታወቱ ረገፈ፣ የአገሪቱን መስመር በሙሉ የሚቆጣጠረው ማዕከል ወደመ። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ መስመሩን በእጅና በስልክ ማመጣጠን ነበረባቸው።

የ2021 የሙቀት ወራት ከሁሉም የከፉት ነበሩ። ነዳጅ በመንግሥት ዋጋ እየተገዛ ይደበቃል፣ ወይም በኮንትሮባንድ ወደ ሶርያ ይሻገራል። ማደያ ላይ ሰልፉ ኪሎ ሜትሮች ይረዝማል። በነሐሴ አጋማሽ የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነዳጁ ሊያልቅ ሰዓታት እንደቀሩት አስጠነቀቀ። በመተንፈሻ መሣሪያ ያሉ 55 ሕሙማን፣ 15ቱ ሕፃናት፣ ወዲያው ይሞታሉ አለ። በማግሥቱ በሰሜን አካር አውራጃ፣ ትሌይል በተባለች መንደር፣ ተደብቆ የተያዘ ቤንዚን ለሕዝብ ሲከፋፈል ታንከሩ ፈነዳ። በመጀመሪያው ቆጠራ ብቻ 28 ሰው ሞተ። ለአንድ ጀሪካን ቤንዚን የተሰለፉ ሰዎች ናቸው። ጥቅምት 9 ቀን ሁለቱ ትልልቅ ጣቢያዎች ነዳጅ ጨርሰው ቆሙና መላ አገሪቱ ጨለመች።

እንዲህ ያለ ክፍተት ሲፈጠር ሌሎች ይገባሉ። በመስከረም 2021 በኢራን የሚደገፈው የሺዓ ታጣቂ ድርጅትና ፓርቲ ሂዝቦላህ የኢራን ናፍጣ በሶርያ በኩል በቦቴ መኪናዎች አስገባ። ደጋፊዎቹ በየመንገዱ ሩዝና አበባ እየበተኑ ተቀበሉት። አሜሪካ በበኩሏ የግብፅ ጋዝና የዮርዳኖስ መብራት በሶርያ አቋርጦ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበች። በ2022 ከሁለቱም ጋር ስምምነት ተፈረመ። ነገር ግን የዓለም ባንክ ለዚህ የሚሆነውን ብድር ለመስጠት በመብራቱ ዘርፍ ላይ ማሻሻያ ጠየቀ፣ በሶርያ ላይ የተጣለው የአሜሪካ ማዕቀብም እንቅፋት ሆነ። አንድም ኪሎዋት አልመጣም። ጭላንጭሉን ያቆየችው ኢራቅ ናት። በሐምሌ 2021 አንድ ሚሊዮን ቶን ከባድ ነዳጅ ልትሰጥ ተስማማች። ነዳጁ ለሊባኖስ ጣቢያዎች ስለማይስማማ ለነጋዴዎች ተሰጥቶ በሚስማማ ዓይነት ይቀየራል። ክፍያው ደግሞ በሕክምናና በመሳሰሉት አገልግሎቶች ይሆናል ተባለ። ባግዳድ ውላ አድራ ስለ ክፍያው መዘግየት ማማረሯ አልቀረም።

ጦርነትም በቀጥታ ይመታዋል። በ2006 እስራኤል የጂዬን የነዳጅ ጎተራዎች ስትደበድብ ከ10 ሺህ ቶን በላይ ነዳጅ ባሕር ውስጥ ፈሰሰ፣ ጥቁሩ ዝቃጭ በባሕር ዳርቻው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘረጋ። በ2024ቱ ጦርነትም በደቡብና በበቃ ሸለቆ መስመሮች ተበጣጠሱ። በሁለቱ መሐል አንድ የተስፋ ጊዜ ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 2022 ሁለቱ አገሮች በአሜሪካ አሸማጋይነት የባሕር ድንበራቸውን አካለሉ። ከዚያ በፊት በሐምሌ ሂዝቦላህ ወደ እስራኤሉ የካሪሽ ጋዝ መስክ ሦስት ድሮኖች ልኮ ነበር። ቃና የተባለው መስክ ለሊባኖስ ደረሰ። ፖለቲከኞቹ ጋዙ ገና ሳይገኝ ገቢውን ማውራት ያዙ። ቶታልኢነርጂስ በ2023 ቆፈረ። ለገበያ የሚበቃ ጋዝ አልተገኘም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጄኔሬተሩ ነገሠ። ሰው «ኢሽቲራክ» የሚለውን ውል ይገባና በአምፔር ይገዛል። በአምስት አምፔር ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ጥቂት አምፖል ይሠራል። የውሃ ማሞቂያና ካውያ አንድ ላይ ከተሰኩ ግን ቆጣሪው ይወርዳል። የቤት እመቤቶች ይህን ሒሳብ በቃላቸው ያውቁታል። ባለቤቶቹ ሰፈር ይከፋፈላሉ፣ አንዱ የሌላው ክልል አይገባም፣ ብዙዎቹም ከአካባቢው ፓርቲ ጋር ወዳጅ ናቸው። መንግሥት ከ2018 ጀምሮ ቆጣሪ ግጠሙ ብሎ አስገድዷል፣ በየወሩም ዋጋ ያወጣል። ሁሉም ያከብሩታል ማለት ግን አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የናፍጣው ጭስ ካንሰር አምጪ ብናኝ በከተማው አየር ላይ እንደሚጨምር ደጋግመው አሳይተዋል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየችው ዛሕሌ ናት። በበቃ ሸለቆ ያለችው ይህች ከተማ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የራሷ የመብራት ኩባንያ አላት። በ2015 ኩባንያው ትልልቅ ጄኔሬተሮች ተክሎ ለከተማዋና ለአካባቢዋ መንደሮች 24 ሰዓት ማብራት ቻለ። የሰፈር ጄኔሬተር ነጋዴዎች አልወደዱትም። ነዋሪው ግን ሁለት ቢል መክፈሉ ቀረለት። ከቀውሱ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ በራሱ ጊዜ ጣራው ላይ ሶላር ሰቀለ። በ2020 ወደ 100 ሜጋዋት ገደማ የነበረው በ2023 ከ1000 ሜጋዋት አልፏል፣ አብዛኛው በሰው ኪስ የተገዛ ነው። ከውጭ ዘመድ ዶላር የሚልክለት ሰቀለ። የሌለው ሻማውን ይዞ ቀረ።

ኢትዮጵያውያንም በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። ከቀውሱ በፊት በሊባኖስ ከነበሩት ከ250 ሺህ በላይ የቤት ሠራተኞች የሚበዙት የእኛ እህቶች ነበሩ። መብራት ሲጠፋ ሊፍት ይቆማል፣ የልብስ ማጠቢያው ይቆማል፣ የውሃ መሳቢያው ይቆማል። ያን ጊዜ ዕቃ ተሸክማ ደረጃ የምትወጣው፣ በእጇ የምታጥበው፣ ማዳም ሳትሆን እሷ ናት። ሊራው ሲወድቅ ደመወዛቸው ቀረ። በሰኔ 2020 አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቤይሩት የሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ብዙዎቹ አስፋልት ላይ አድረዋል። ስለ ሊባኖስ ቀውስ ሲጻፍ እነሱ ተዘለው መታለፋቸው ልክ አይደለም።

አሁን አንዳንድ ነገር እየተንቀሳቀሰ ነው። በ2022 መጨረሻ ታሪፉ ተነሳ። ለመጀመሪያው 100 ኪሎዋት ሰዓት በኪሎዋት ሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ 27 ሳንቲም ሆነ። የመንግሥት መብራትም በቀን ከአንድ ሁለት ሰዓት ወደ አራት አምስት ከፍ አለ። ያም ቢሆን በነሐሴ 2024 ዛህራኒ ነዳጅ ጨርሶ አገሪቱ በሙሉ እንደገና ጨልማ፣ አልጄሪያ 30 ሺህ ቶን ነዳጅ በመርከብ ላከችላት። በ2025 መጀመሪያ ጆሴፍ አውን ፕሬዚዳንት፣ ነዋፍ ሰላም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። መንግሥታቸው በሕግ ቁጥር 462 የታዘዘውን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አባላት በዚያው ዓመት ሾመ። ሕጉ ከወጣ 23 ዓመቱ ነበር።