«አማርኛ ይደግፋል»፦ የሕዝብ ግንኙነት ሶፍትዌር ስንመርጥ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች የሚዲያ ክትትል የሚያደርግና የጋዜጠኞችን ዝርዝር የሚይዝ ሶፍትዌር ለመግዛት ሲያስቡ አልፎ አልፎ ለምክር ይጠሩኛል። ገና ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ የምሰማው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሶፍትዌሩ እኮ አማርኛ ይደግፋል» ይሉኛል። ማን እንደነገራቸው ስጠይቅ ሻጩ ነው፤ በምን እንዳረጋገጡ ስጠይቅ ደግሞ ሻጩ ባሳያቸው ስክሪን ላይ አንድ የአማርኛ ቃል ጽፈው ውጤት ስለመጣላቸው ነው። ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶችንም ከዚህ በታች አነሣለሁ፤ ትዕግሥቴን የጨረሰው ግን ይህኛው ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ፣ ረዘም አድርጌም እቆይበታለሁ።

«አማርኛ ይደግፋል»

አማርኛን ማሳየትና አማርኛን ፈልጎ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒዩተሮች የጋራ ሥርዓት ውስጥ) ስለገባ፣ ዛሬ ፊደላችንን በትክክል የማያሳይ ሶፍትዌር ማግኘት ራሱ ይከብዳል። ጣጣው ያለው ፍለጋው ላይ ነው። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው፣ የማይዛመዱ ፊደላት ናቸው።

«ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ከሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ በአንዱ ሊጻፍ ይችላል፤ ሥ ስ፣ ሴም ሤ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ቃላት ደግሞ ተለያይተውም ተገጣጥመውም ይጻፋሉ። ስድስት ሦስት ጊዜ በሁለት ሲባዛ 48 ይሆናል። አብዛኞቹን ማንም አይጽፋቸውም፤ ጥቂቶቹን ግን በየዕለቱ፣ አንዳንዴም በአንድ ዘገባ ውስጥ ከሁለት ዓይነት በላይ ሆነው አያቸዋለሁ። በዚህ ላይ «ኃ/ሥላሴ» የሚለው ምኅጻረ ቃል አለ (ምኅጻረ ቃል የሚለው ቃል ራሱ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ለአንባቢ እተወዋለሁ)። ዋና ሥራ አስፈጻሚያችሁ እንዲህ ያለ ስም ካላቸው፣ በቦርድ ስብሰባ ላይ የሚቀርበው የክትትል ሪፖርት ምን ያህል ጎዶሎ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛው ጣጣ፣ ስም በአማርኛ ብቻውን የማይሄድ መሆኑ ነው። ከፊቱ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ እና ስለ፣ ከኋላው ደግሞ ን፣ ም እና ና ይጣበቁበታል። ሙሉ ቃል ብቻ የሚያዛምድ ሶፍትዌር «ባንክ» እያለ ሲፈልግ «የባንኩን»፣ «ለባንኮችም» እና «ከባንኩና» በፊቱ ያልፋሉ፤ እሱ ግን አያያቸውም። ታዲያ ቃሉን በከፊልም እንዲያዛምድ ሲታዘዝ ተቃራኒው ጎርፍ ይመጣል። ስሙ «ንብ» የሆነ ድርጅት «ንብረት» በሚል ቃል የተሞሉ የፍርድ ቤት ዜናዎችን ሁሉ ይሰበስባል፤ ስሙ «ዘመን» የሆነ ደግሞ ከ«ዘመናዊ» ጀምሮ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ የተጠቀሰበትን ጽሑፍ በሙሉ ያጭዳል። ለአማርኛ የተሠራ ሶፍትዌር ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ያመጣል፣ ቅጥያዎችንም ለይቶ ያነሣል። የእናንተ ሻጭ ይህን ያደርግ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁት። «በአርተፊሻል ኢንተለጀንስ ይሠራል» ብሎ ከመለሰላችሁ ጥያቄውን አልመለሰም።

አንድ ደንበኛዬ ውል ሊፈርም ሁለት ቀን ሲቀረው ሙከራ እንዲደረግ ለመንሁት። በክፍሉ ውስጥ ጋዜጣ የምትከታተል ወጣት ባለሙያ ነበረችና፣ በአንድ ወር ውስጥ በእጇ የሰበሰበችውን ክላሴር ይዛ መጣች። ሶፍትዌሩ ክላሴሩ ውስጥ ካለው ግማሹን እንኳ አላገኘም። ያመለጠውን አንድ በአንድ አየነው፤ አንዱ ላይ የድርጅቱ ስም በዓ ፈንታ በአ ተጽፏል፤ ሌላው ላይ «የ» ተጣብቆበታል፤ ሦስተኛው፣ ማኅተም ያረፈበት መግለጫ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ነው፤ አራተኛው በዱሮ የአማርኛ ፎንት ተሠርቶ ወደ ፒዲኤፍ የተለወጠ ገጽ ስለሆነ፣ ለዓይን አማርኛ ቢሆንም ለፍለጋ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። ሻጩ ጨዋ ሰው ስለነበረ ዝም አለ።

ስለዚህ ሻጩ ያዘጋጀውን ማሳያ ከማየታችሁ በፊት የራሳችሁን ክላሴር አዘጋጁ። ያለፈው አንድ ወር ይበቃል። የድርጅቱን ስም፣ የሦስት ኃላፊዎችን ስምና የሁለት ተፎካካሪዎችን ስም ስጡትና እፊታችሁ ይፈልግ፤ ከዚያ ያገኘውንና ያላገኘውን ቁጠሩ። ይህን ፈተና ለመቀበል የሚያቅማማ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

«ብዙ ጋዜጠኞች የመዘገበው ይሻላል»

የዓለም አቀፍ ሶፍትዌር ሻጮቹ መዝገብ ምን ያህል ጋዜጠኛ እንደያዘ ሲነገረኝ፣ ከእነሱ ውስጥ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር እና አዳማ ያሉት ስንት ናቸው ብዬ እጠይቃለሁ። የኢትዮጵያውን ክፍል ብቻ አውጥተው እንዲያሳዩአችሁ አድርጉና፣ የአማርኛው ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ እንደሚወጣ፣ ስለዚህም የእሑዱን እትም ለመድረስ መቼ መላክ እንደሚያስፈልግ የሚነግራችሁ መሆኑን እዩ። ከዚህ ሌላ፣ በኛ ከተማ ጋዜጠኛ የሚገኘው በኢሜይል ሳይሆን በስልክና በቴሌግራም ነው፤ ብዙዎቹ ተቋማትም ማኅተም ያረፈበት የጥሪ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ጣቢያ የቀየረውን ሪፖርተር ስልክ በየሦስት ወሩ የሚያድስ አንድ ትጉህ ሠራተኛ ከየትኛውም መዝገብ ይበልጣል። ያ ዝርዝርም የግል መረጃ መሆኑን አትርሱ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰው ስልክ ሰብስቦ እንደፈለጉ ማዞር እንደ ድሮው ቀላል ጉዳይ አይደለም።

«ኢንተርኔቱን ካየ ሁሉንም አየ»

አላየም። ጠዋት ታክሲ ውስጥ በሸገር 102.1 ወይም በፋና 98.1 ስለ ድርጅታችሁ የተባለውን ሕዝቡ ሰምቶታል፤ ሶፍትዌሩ ግን አልሰማውም፤ ምክንያቱም የአብዛኞቹ ሥራ የተጻፈ ነገር ማንበብ ነው። የአማርኛን ንግግር ወደ ጽሑፍ እንለውጣለን የሚሉም አሉ፤ ለእነሱ ሁለት ሰዎች እየተሻሙ የሚያወሩበትን የሃያ ደቂቃ የሬዲዮ ውይይት ስጧቸውና ውጤቱን አንብቡት። ማኅበራዊ ሚዲያውም ቢሆን በር እየተዘጋበት ነው፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ክራውድታንግል የተባለውን የክትትል መሣሪያውን ነሐሴ 8 ቀን 2016 ዘግቶታል። አፋን ኦሮሞ ደግሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለብቻው ቁልፍ ቃላት ይፈልጋል፤ የአማርኛውን ስም አስገብቶ ሁለቱንም ይሸፍናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

«ስሜቱን ይለካልናል»

«ክብር ይግባቸውና ዛሬስ ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው ያጠፉብን» የሚል አስተያየት በአንድ ሪፖርት ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ ማለትም «አዎንታዊ» ተብሎ ተመድቦ አይቻለሁ። በሰምና ወርቅ ያደገ ሕዝብ ሲያሽሟጥጥ ማሽኑ ምስጋና ይቆጥራል።

«የዘገባውን ዋጋ በብር ያወጣል»

ዘገባው የያዘው ቦታ ማስታወቂያ ቢሆን ስንት ያስከፍል ነበር ብሎ ማስላት የኮሙኒኬሽንን ፋይዳ እንደማይለካ፣ የሙያው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2010 «የባርሴሎና መርሆዎች» በተባሉት የኮሙኒኬሽን መለኪያ መመሪያዎች ተስማምተው ዘግተውታል።

«ሰዓቱና ቀኑ ቀላል ነገር ነው»

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት እንዳይወጣ የተባለ መግለጫ ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲልከው አዘጋጅቶ ተኛ። የሞላው «3» እና «ከእኩለ ቀን በፊት» የሚለውን ምልክት ነበር። መግለጫው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ለሁሉም ደረሰ፤ የድርጅቱ ሠራተኞች ስለራሳቸው መሥሪያ ቤት ውህደት የሰሙት ከንጋት ሬዲዮ ነው። ሰዓቱ ላይ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው ያርመዋል፤ የሪፖርቱን ዘመን ግን ሶፍትዌሩ ካልፈቀደ አታርሙትም። በጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 መሆኑ ነው። ከፈረንጆቹ ወር መጀመሪያ ሌላ ቀን መምረጥ የማይፈቅድ ዳሽቦርድ (የሶፍትዌሩ ሪፖርት የሚታይበት ገጽ) የሩብ ዓመት ሪፖርታችሁን ሁልጊዜ በጥቂት ቀናት ያዛባዋል፤ ጳጉሜንም ከየትኛው ሩብ ዓመት እንደሚደምራት እናንተው ትጨነቁበታላችሁ።

«ዋጋው የተጻፈው ነው»

ዋጋው በዶላር ከሆነ የተጻፈው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ወቅት የሁለት ዓመት ውል የነበራቸው ክፍሎች ለሁለተኛው ዓመት የተያዘላቸው በጀት ግማሹን እንኳ እንደማይሸፍን ያወቁት ደረሰኙ ሲመጣ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውል ጀምሩ፣ ክፍያው በብር እንዲሆን ተከራከሩ፣ የውጭ ምንዛሪ ፈቃዱን ማን እንደሚጨርስም አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ። በውሉ ውስጥ አገልግሎቱ ሲቋረጥ የተሰበሰበው መዝገብ በሙሉ በኤክሴል እንዲሰጣችሁ የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ። የናሙና ፋይሉንም ከመፈረማችሁ በፊት አስወርዳችሁ በራሳችሁ ኮምፒዩተር ክፈቱት፤ ከደንበኞቼ አንዱ የሁለት ዓመት መዝገቡን ሲከፍት ያገኘው፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ነው።