ፎቶ ተነሺ ሲሏት ከወንበር የምትነሳ እናት
ስለ ተማሪ ፎቶ አንሺ የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮች

የፎቶግራፍ ተማሪ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው የሚመልስልኝ ነገር ይመሳሰላል። «እሱ ደግሞ ትምህርት ይፈልጋል እንዴ? ስልክ የሌለው ማን አለ?» ወይም «እናንተ የዘመኑ ልጆች ታድላችሁ፤ ከካሜራ ጋር ነው የተወለዳችሁት።» መጀመሪያ አካባቢ እከራከር ነበር። ሲደጋገምብኝ መጻፉ ይሻላል አልኩ። ከእነዚህ አመለካከቶች አንዳንዶቹን እኔም አምንባቸው ስለነበር፣ ሌላው ሰው ላይ ብቻ ጣቴን አልቀስርም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ከስልክ ጋር ያደገ ልጅ ፎቶ ይችላል»

በ2001 ማርክ ፕሬንስኪ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ከኮምፒውተርና ከስልክ ጋር ያደጉ ልጆችን «የዲጂታል ተወላጆች» አላቸው። ስያሜው ተወደደ፤ በየቦታው ተደጋገመ። ችግሩ አብሮ ማደግና ማወቅ እንደ አንድ መቆጠራቸው ነው። ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ ሊፍት መጠገን ይችላል ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው የተግባር ትምህርት ላይ መምህራችን ካሜራዎቹን ሁሉ ማኑዋል ላይ (ብርሃኑን አንሺው ራሱ በሚያስተካክልበት) አድርገው ሰጡን። «ግቢውን ዞራችሁ 10 ፎቶ ይዛችሁ ኑ» አሉን። ከአሥሩ ዘጠኙ ድቅድቅ ጨለማ ሆነው መጡ። አሥረኛው ነጭ ወረቀት ይመስላል። ለስምንት ዓመት ፎቶ ሳነሳ ኖሬ ብርሃን ለክቼ አላውቅም ነበር። ስልኩ ይለካልኝ ነበራ!

ስልክ ከምናስበው በላይ ይሠራል። ብዙዎቹ ገና ቁልፉን ሳንነካው ተከታታይ ፍሬሞችን መያዝ ጀምረዋል። ስንነካው የተወሰኑትን ያነባብራል፣ ጥላውን ያበራል፣ የነጣውን ሰማይ ይመልሳል፣ ከዚያ አንድ ፎቶ ያቀብለናል። ከሰው ጀርባ የምናየው ድብዝዝ ያለ ነገር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከሌንሱ አይደለም፤ በስሌት የተሠራ ነው። አንዳንዴ የሰውየው ጆሮ አብሮ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። እንግዲህ «እኔ አነሳሁት» ከምለው ግማሹን ያነሳው ስልኩ ነው። ነውር የለበትም። ግን የኔ የምለውን ለማወቅ መጀመሪያ የእሱን መለየት ነበረብኝ።

«ድሮ እያንዳንዱ ፎቶ ታስቦበት ነው የሚነሳው፤ እናንተ ዝም ብላችሁ ትተኩሳላችሁ»

ይህችን የሚወዷት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እውነት ትመስላለች። አንድ ፊልም 36 ፍሬም ነበረው፤ ሲያልቅ አለቀ። ማንም ተጠንቅቆ ነበር የሚያነሳው ብለን ብናስብ አይፈረድብንም።

ግን ፎቶ አንሺውን ሮበርት ፍራንክን እንይ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካን በመኪና ዞሮ 28,000 ያህል ፎቶ አነሳ። ከጉዞው በወጣው መጽሐፉ ውስጥ የገቡት 83 ናቸው። ከ337 ያህል ፎቶ አንድ ብቻ ማለት ነው። ጋሪ ዊኖግራንድ ደግሞ ባሰ። በ1984 ሲሞት 2,500 ያህል ጥቅል ፊልም ሳይታጠብ ተገኘ። በ36 ስናባዛው 90,000 ፎቶ ይሆናል፤ ሰውየው አንዱንም ሳያየው ነው የሄደው። ዛሬ ስልክ የያዘ ጎረምሳ እንኳ እንዲህ አይተኩስም።

ብዛት የኛ ፈጠራ አይደለም። የተለወጠው ከማንሳት በኋላ ያለው ነው። በፊልም ዘመን ፊልሙ ይታጠባል፤ ፍሬሞቹ በሙሉ በትንንሹ አንድ ወረቀት ላይ ይታተማሉ፤ አንሺው በማጉያ መነጽር እያየ የወደደውን በእርሳስ ያከብባል። ካላከበበ አሳድጎ የሚያትመው የለውም። መምረጥ የሥራው አካል ነበር። እኛን ግን ምረጡ ብሎ የሚያስገድደን ነገር የለም። እናነሳለን፤ ስልኩ ያስቀምጣል፤ አበቃ።

ይህ የገባኝ በአንድ የቤት ሥራ ነው። መምህራችን «ከልጅነታችሁ ጀምሮ ካነሳችኋቸው ውስጥ የራሳችሁ የሆኑትን 20 አምጡ» አሉ። ቀጥለው «ቆንጆዎቹን አላልኩም» አሉን። ሦስት ሳምንት ሰጡን። እኔ ለአንድ ማታ ሥራ ይህ ሁሉ ጊዜ ለምን ብዬ ነበር።

ስልኬና ላፕቶፔ ላይ ያለው ሲደመር ከ11,000 በላይ ሆነ። መጀመሪያ የስክሪን ቅጂዎቹን አወጣሁ። ቀጥሎ ጀንበር ስትጠልቅ። ከ400 ያላነሱ ነበሩ፤ ጀንበሯ ራሷ ሳትታዘበኝ አትቀርም። የጓደኞቼን የልደት ፎቶዎች አወጣሁ። ከዚያ ሌላ ቦታ አይቼ የኮረጅኳቸውን፤ መንገድ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ የሚታይ ፎቅ፣ ጃንጥላ የያዘች ልጅ ከጀርባዋ፣ እነዚህን ሁሉ። ቆንጆ ናቸው። ግን ማንም ሊያነሳቸው ይችላል፤ ማንም አንስቷቸዋልም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የማላስታውሳቸው ፎቶዎች ብቻ ቀሩኝ። ባዶ ወንበር። ግማሹ የተጠጣ ብርጭቆ። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ የቀረ ጎድጓዳ። የወንበር መደገፊያ ላይ የተሰቀለ ሹራብ። ሰው የለባቸውም፤ ግን ሰው ነበረባቸው። ከ13 ዓመቴ ጀምሮ እስካሁን አሉ። አንዱንም ለማንም አሳይቼ አላውቅም፤ ያበላሸኋቸው ነበር የሚመስለኝ።

ለምን እንደዚህ እንደሆኑ ለመረዳት ሌላ ጥቂት ቀን ፈጀብኝ። እናቴ ፎቶ አትወድም። ፎቶ ተነሺ ሲሏት ከወንበሩ የምትነሳ ሴት ናት። ስልኬን ሳወጣ እሷ ወደ ጓዳ ነው። ጣቴ ቁልፉን ሲነካ ወንበሩ ባዶ ሆኗል። ለዓመታት እሷን ሳሳድድ የያዝኩት የተነሳችበትን ቦታ ነው።

ሃያዎቹን በአንድ ማታ ሞላሁ።

«የራስ ስታይል ማለት አንድ ዓይነት ቀለም ነው»

ኢንስታግራም በጥቅምት 2010 ሲወጣ ከዋና መሳቢያዎቹ አንዱ ፊልተሩ ነበር። በስልክ የተነሳ ፎቶ በአንድ ንክኪ ያረጀ ፊልም ይመስላል። እኔ ፊልም ሲታጠብ ያየሁት ትምህርት ከገባሁ በኋላ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት ፎቶዎቼን የደበዘዘ ቡናማ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ያልኖርኩበት ዘመን ናፍቆኝ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ፊልተሩ «ፕሪሴት» (አስቀድሞ የተዘጋጀ የቀለም ቅንብር) ሆኗል። ብርቱካንማ ፊት፣ ሰማያዊ ጥላ፣ ገጹ በሙሉ አንድ ዓይነት። ተማሪ ሁሉ «ስታይሌ ይሄ ነው» ይላል፤ እኔም ብያለሁ።

መምህራችን ይህን አንድ ቀን ብቻ በፈጀ ዘዴ አስጣሉን። የሁላችንንም ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየሩት። ስም ሳይጽፉ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። የማን የማን እንደሆነ ገምቱ ተባልን። በቀለማቸው የምናውቃቸው ልጆች ጠፉብን። ያልጠፋብን አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ኢንስታግራም ላይ የለም፣ ስለ ስታይል ሲያወራ ተሰምቶ አያውቅም። ግን ሁልጊዜ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ነው የሚያነሳው፤ ዓለምን በስድስት ዓመት ልጅ ቁመት። ሁላችንም አወቅነው። ቀለም ልብስ ነው፤ ይቀየራል። የት ቆመህ እንደምታይ ግን እንደ አረማመድ ነው፤ ሰው ከሩቅ ይለይሃል።

«ኤዲት የተደረገ ፎቶ ውሸት ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ነውና።

ዶሮቴያ ላንጅ በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳቻት ስደተኛ እናት በዓለም ከታወቁት ፎቶዎች አንዷ ናት። መጀመሪያ ሲታተም በስተቀኝ ጥግ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ነበር። ላንጅ ጣቱ ዓይን ይስባል ብላ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኔጋቲቩ (ፎቶው የሚታተምበት የታጠበ ፊልም) ላይ እንዲጠፋ አደረገች። ፎቶሾፕ የለም፤ ኮምፒውተርም የለም። ቀጣሪዋ ይህን አልወደደውም ነበር፤ ስለዚህ ክርክሩም አዲስ አይደለም።

አንሰል አዳምስ ደግሞ በ1941 ከአንዲት መንደር በላይ የወጣች ጨረቃ አነሳ። ያንኑ ኔጋቲቭ ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ አተመው። ቀደም ባሉት ህትመቶች ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ደመና ይታይበታል፤ በኋለኞቹ ጥቁር ነው። ኔጋቲቩ ያው ነው። አዳምስ ከፎቶ በፊት ፒያኖ ያጠና ሰው ስለነበር ኔጋቲቩን በሙዚቃ ኖታ፣ ህትመቱን ደግሞ በአጨዋወት ያመሳስለው ነበር።

በእኛ ዘመን ደግሞ «ኤዲት ያልተደረገ» የሚባለው ራሱ ኤዲት የተደረገ ነው። ካሜራው ጄፔግ (የተለመደውን የፎቶ ፋይል) ሲሰጠን ቀለሙን፣ ጥራቱን፣ ንጣቱን ወስኖ ጨርሷል። ጥሬው ፋይል፣ ራው የሚባለው፣ በአንድ የቀለም ክፍል ብዙ ጊዜ ከ4,096 እስከ 16,384 የብርሃን ደረጃ ይይዛል። ጄፔግ 256 ብቻ። የቀረው ተጥሏል፤ ማን እንደጣለው ካልጠየቅን ፋብሪካው ነው የጣለው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ዜና ከሆነ ያልነበረን መጨመር፣ የነበረን ማጥፋት ክልክል ነው። ትልልቅ የዜና ፎቶ ውድድሮች ለመጨረሻው ዙር የደረሰን ሰው ጥሬ ፋይሉን አምጣ የሚሉት ለዚህ ነው። ወሳኙ ለተመልካቹ የገባነው ቃል ነው። እኔ የወንበር ፎቶ ሳሳይ «እንዲህ ነበር» እያልኩ ከሆነ ብርጭቆውን ማንቀሳቀስ የለብኝም። አንዴ አንቀሳቅሼዋለሁ። ፎቶው አምሯል፤ ከሃያዎቹ ግን አስወጥቼዋለሁ።

«ጥሩ ካሜራ ካለ ጥሩ ፎቶ አለ»

ቶሎ እንለፈው። በ1975 ኮዳክ ውስጥ ስቲቭ ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 0.01 ሜጋፒክስል (10,000 ያህል ነጥብ) ነበር፤ አንዱን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ዛሬ አንድ ፎቶ በኤ4 ወረቀት ጥርት አድርጎ ለማተም ዘጠኝ ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። ይህን ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ አልፎታል። ውድ ሌንስ በጨለማና በሩቅ ይረዳል፤ ምን እንደምታነሱ ግን አይነግራችሁም።

«ላይክ ያላገኘ ፎቶ ጥሩ አይደለም»

ባዶ ወንበር ፖስት አድርጌ 14 ላይክ አግኝቻለሁ። ሦስቱ ዘመዶቼ ናቸው። ጀንበሯ እዚያው ገጽ ላይ ከ300 በላይ አላት።

ይህን ለማስተባበል ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ቪቪያን ማየርን ነው። ልጅ እየጠበቀች የምትኖር ሴት ነበረች። ከ100,000 በላይ ፎቶ አንስታ ለማንም ሳታሳይ ኖረች ማለት ይቻላል። በ2007 እቃ ያስቀመጠችበት መጋዘን ኪራይ ባለመከፈሉ ኔጋቲቮቿ በቺካጎ ለጨረታ ወጡ፤ እሷ በ2009 ሞተች፤ ዝናው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። «አየሽ፣ ላይክ አያስፈልግም» ይሉኛል።

እኔ ግን ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሌላ ነው። የማየርን ፎቶዎች የመረጡላት ሌሎች ናቸው። ብዙ ፊልም ሳታሳጥብ ነው የሞተችው። እሷ ብትሆን የትኛውን ታከብብ ነበር? ማንም አይነግረንም። ላይክ መቁጠርና ጨርሶ መደበቅ ለኔ አንድ ናቸው፤ በሁለቱም መንገድ ምርጫውን ለሌላ ሰው ትተናል። ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል፤ ፎቶሽን አይተው «ይሄን ለምን አነሳሽው?» ብለው የሚጠይቁ። ልብ አይልኩም፤ ይጠይቃሉ።

«ዲጂታል ስለሆነ አይጠፋም»

ይጠፋል። ከ16 እስከ 17 ዓመቴ ያነሳሁት በሙሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር፤ አንድ ቀን አልከፍት አለ። ጥገናም አልረዳውም። አሁን የማደርገው ባለሙያዎች የሚመክሩትን ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት የተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከፎቶግራፍ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከመስኮቱ ያነሳት ፎቶ ብረት ላይ ያለች በመሆኗ እስከዛሬ አለች። የኔው ከሁለት ዓመት አልዘለቀም።

ስለዚህ ሃያዎቹን አሳተምኩ። ለማነጻጸር ብዬ የጣልኳቸውንም በትንንሹ አብሬ አሳተምኩ። ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። እናቴ መጥታ ቆመች። አልተቀመጠችም፤ ካሜራ ያለ መስሏት ይሆናል።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ወንበር ነው እንዴ የምታነሺው?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ከሃያዎቹ አንዱንም አላነሳችም። ወደጣልኳቸው ሄደች። አንድ የተንቀጠቀጠ ፎቶ አወጣች፤ ፎከሱ የት እንዳለ አይታወቅም፣ እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ያላየሁት ነው። ወደ መስኮቱ ወስዳ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። በቀኝ ጥግ፣ ከፍሬሙ እየወጣ ያለ ክርን አለ።

«እዚህ ላይ አለሁ» አለች። ይዛው ሄደች።