ፀረ-ተባዩ ተሰባበረ ማለት አፈሩ ጸዳ ማለት ነው?

ፈንገስ በእርሻ አፈር ውስጥ የቀረ ፀረ-ተባይን ይሰባብራል ሲባል፣ ብዙ ሰው መርዙ ጭራሽ የጠፋ ይመስለዋል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ሊግኒንን (እንጨትን የሚያጠነክረውን ንጥረ ነገር) ለመፍታት ኢንዛይም ያመነጫሉ። ኢንዛይሙ ብዙም አይመርጥም፤ የፀረ-ተባይ ሞለኪውልንም ይቆራርጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 ከእነዚህ ፈንገሶች አንዱ ዲዲቲን ጭምር እንደሚሰባብር በላብራቶሪ ታይቷል። ትልቅ ነገር ነው! ግን ቁርጥራጩስ? ዲዲቲ አፈር ውስጥ ሲለወጥ ዲዲኢ የሚባል ውህድ ሊፈጠር ይችላል። እሱም ለዓመታት የሚቆይ መርዝ ነው።

ስለዚህ «ዲዲቲ ቀንሷል» የሚል ውጤት ብቻውን አይበቃም። አፈር ስታስመረምሩ ዲዲኢም ይለካ በሉ። ፈንገሱም ምግብ ይፈልጋል፤ ጭድ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ካልተጨመረለት እርሻ ላይ ብዙ አይቆይም።