ጡረታን በኑዛዜ ማውረስ ይቻላል?

«ስሞት ጡረታዬ በየወሩ ለአረጋውያን መርጃው ይሰጥልኝ» ብሎ መናዘዝ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ አላባራ ብሏል። አይቻልም። ጡረተኛው ሲያርፍ የእሱ አበል ይቆማል። ለሚስት ወይም ለባል፣ ለትናንሽ ልጆች የሚከፈለው በጡረታ አዋጁ እንጂ በኑዛዜ አይወሰንም። መጠኑ እንደ ቤተሰቡ ይለያያል፤ ከውርስ ውጭ መሆኑን ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 828 ቁርጥ አድርጎታል።

ተከፍሎ ባንክ የገባው ሌላ ነው። አንዲት ጡረተኛ መምህርት ከአበላቸው 200,000 ብር አጠራቅመዋል እንበል። ይህን መናዘዝ ይችላሉ። ባለትዳር ከሆኑና ገንዘቡ በትዳር ውስጥ የተጠራቀመ ከሆነ ግን ግማሹ የባላቸው ነው፤ ለመርጃው የሚተዉት ከ100,000ው ላይ ነው።

ምስክር ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት (ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ) ተነቦ ሁሉም ወዲያው ካልፈረሙበት ፈራሽ ነው።