አልኮሊክስ አኖኒመስ፦ ግሩፖቹ እንዴት ይደራጃሉ?

አልኮሊክስ አኖኒመስ (ባጭሩ ኤኤ) መጠጥ መተው የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ኅብረት ነው። እኛ ጋ ጎጃም አንድ ሰው አረቄ ሲያሸንፈው ጠበል ይወሰዳል፣ የነፍስ አባቱ ይመክሩታል፣ ሲብስበት ሆስፒታል ይገባል። ችግሩ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ ሰውየው ተሽሎት ሲመለስ ሰፈሩ ያው ሰፈር ነው፣ ማኅበር ሲሄድ ጠላ ይቀዳለታል፣ ሰርግ ሲጠራ ጠላ፣ አልጠጣም ሲል ደግሞ "ምነው ተጣላኸን እንዴ" ይባላል። ኤኤ የሚደርሰው እዚህ ጋ ነው።

የተጀመረው በ1935 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ አክሮን ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው፣ መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነው፣ ለሥራ አክሮን ሄዶ ሥራው ከሸፈበት፣ ካረፈበት ሆቴል የባሩ ጫጫታ እየጠራው ስልክ አንስቶ ቄሶች ጋ መደወል ጀመረ፣ እንደኔ በመጠጥ የተቸገረ ሰው አገናኙኝ እያለ። በዚሁ ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኙ፣ ቦብ ቀዶ ሐኪም ነበር፣ ለሰዓታት አወሩ። ቢል ሰውየውን የፈለገው ሊመክረው አይደለም፣ ራሱ እንዳይጠጣ ነው፣ ኤኤ እስከዛሬ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ቦብ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 የምሥረታ ቀን ሆኖ ይከበራል፣ አንዳንዶች ግን 17 ነው ይላሉ። በ1939 መጠጥ እንዴት እንደሚተው የሚናገረው መጽሐፋቸው ወጣ፣ በ1950 ክሊቭላንድ ላይ ግሩፖቹ የሚተዳደሩባቸው 12 ደንቦች ጸደቁ፣ በ1955 ደግሞ መሥራቾቹ ኃላፊነቱን የግሩፖቹ ተወካዮች ለሚሰበሰቡበት ጉባኤ አስረከቡ። ከዛ ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፍቷል።

አደረጃጀቱ ከታች ወደ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ላለመጠጣት ከተሰበሰበ ግሩፕ ነው፣ ደንበጫም ይሁን ዳንግላ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ለአባልነት የሚጠየቀው የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። መዋጮ ግዴታ አይደለም፣ በስብሰባው ላይ የቻለ ይሰጣል፣ ከውጭ ግን ከመንግሥትም ከኤንጂኦም ሳንቲም አይቀበሉም፣ ይሄ ትልቅ ጨዋነት ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፣ ልክ እንደ ጽዋ ተረኛ ኃላፊነቱ ይዞራል፣ ማንም አይነግሥበትም። ግሩፑ አንድ ተወካይ ወደ ኤኤ ወረዳ (የመንግሥቱ ወረዳ አይደለም፣ የቅርብ ግሩፖች ስብስብ ነው) ይልካል፣ ወረዳዎች ወደ አካባቢ፣ አካባቢዎች በዓመት አንዴ ወደሚሰበሰበው ጉባኤ። የአሜሪካና የካናዳው የኤኤ ቦርድ 21 ሰው ሲሆን 7ቱ የመጠጥ ችግር የሌለባቸው ናቸው። ይሄ ቦርድ ራሱ አንዲትን ግሩፕ እንዲህ አድርጊ ብሎ ማዘዝ አይችልም።

ስብሰባው ሁለት ዓይነት ነው፣ ዝጉ ለችግሩ ባለቤቶች ብቻ፣ ክፍቱ ለቤተሰብም ለጎረቤትም። አባል በጋዜጣም በሬድዮም ሙሉ ስሙን አያወጣም፣ እዛ የሰማውንም ይዞ አይወጣም፣ እንደ ደብረ ማርቆስ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ይሄ ደንብ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል። ሃይማኖታዊ ነው አይደለም የሚለው ክርክር አለ፣ ፈጣሪን ይጠራሉ ግን የየትኛውም እምነት አካል አይደሉም።